ከ5ቱ 3ኛው፦ "መካከለኛ" የሚመስለው ገዳይ ቁጥር

ኮሎራዶ ውስጥ የበረዶ ናዳ ስጋት በየቀኑ ከ1 እስከ 5 ባለ ደረጃ ይነገራል። 3 ሲባል ብዙ ሰው "መሀል ላይ ነው፣ ችግር የለውም" ይላል። ስህተቱ እዚህ ጋ ነው እንላለን።

5 ሲባል ሁሉም ፈርቶ ቤቱ ይቀመጣል። በ3 ግን ሰማዩ ጠርቶ፣ አዲስ በረዶ ተነጥፎ ሲታይ ሰው ይወጣል። ብዙው ሰው የሚሞተውም በዚሁ ደረጃ ነው። ወቅቱ ሲጀምር የወረደው ስስ በረዶ ከሥር እንደ ስኳር ይላላል፤ በላዩ ያረፈውን ለመናድ የአንድ ሰው ክብደት ይበቃል። ገዳዩን ናዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስነሱት ተጓዦቹ ራሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020/21 የበረዶ ወቅት አሜሪካ ውስጥ 37 ሰዎች ሞተዋል፤ 12ቱ ኮሎራዶ ውስጥ።

911 ብንደውልስ? የተቀበረ ሰው ከ15 ደቂቃ በኋላ የመትረፍ ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። የሚደርስለት አብሮት ያለው ሰው ነው፤ ያውም መፈለጊያ መሣሪያ፣ ረጅም ዘንግና አካፋ ከያዘ።

ዴንቨር ያላችሁ ወገኖች፣ ከስኪ ሜዳው ክልል ውጭ ከመውጣታችሁ በፊት የዕለቱን ትንበያ እዩ። 3 ካለ፣ ከ30 ዲግሪ በላይ ካዘቀዘቀ ተዳፋትም ከሥሩም ራቁ። ተራራ ለሚወጣ ወዳጃችሁም አድርሱልን።