የድንጋዩ ምስክርነት ከቦታው ሳይነሣ ይደመጥ

በዘመሮም ሆነ በሌላው የመንዝ ደጋ ያደገ ተማሪ ድንጋይን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ቤቱም አጥሩም የሚሠራው ከድንጋይ ነውና። ይሁን እንጂ በመማሪያ መጽሐፉ ስለ በረዶ ግግር ሲያነብ ነገሩ የአልፕስና የሂማልያ ተራሮች ብቻ ይመስለዋል። እኛ ግን ይህ ትምህርት ከአገራችን ተራሮች መጀመር አለበት እንላለን።

የበረዶ ግግር ለብዙ ዓመታት ተደራርቦና ተጠቅጥቆ በራሱ ክብደት ቁልቁል የሚጓዝ በረዶ ነው። በጉዞው አለቱን ይፍቃል፤ የነቀለውንም ተሸክሞ ይወርዳል። ጫፉ ሲቀልጥ ሸክሙን በዚያው ያራግፋል፤ በዚህም የሚፈጠረው ጉብታ ሞሬን ይባላል። ወንዝ ድንጋይን በየመጠኑ ለይቶ፣ ጠርዙንም አለስልሶ ሲያስቀምጥ በረዶ ግን ቋጥኙን፣ ጠጠሩንና ደቃቁን አፈር ሳይለይ አንድ ላይ ይከምራል።

እንዲህ ያሉ ጉብታዎች በስሜንና በባሌ ተራሮች ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው የባሌና የአርሲ የበረዶ ግግሮች እጅግ የሰፉት ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመታት በፊት ነበር። ይህም በዓለም ላይ በረዶ ከበዛበት፣ ከ21,000 ዓመታት ገደማ በፊት ከነበረው ዘመን ይቀድማል። ዕድሜው የታወቀው ከቋጥኞቹ ነው። ቋጥኙ ከበረዶው ወጥቶ ካረፈበት ጊዜ ጀምሮ የጠፈር ጨረር በገጹ ላይ ክሎሪን-36 የተባለውን አቶም ይፈጥራል፤ መጠኑ ሲለካ ዘመኑ ይሰላል። ቋጥኙ ከተገለበጠ ወይም ከተፈለጠ ግን ስሌቱ ይበላሻል፤ ምስክሩም ቃሉን ያጣል።

ይህን ስንል በየደጋው የሚታይ የድንጋይ ክምር ሁሉ የግግር ሥራ ነው ማለታችን አይደለም። ለምሳሌ የመንዝ ጓሳ ከፍታ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ሲሆን፣ ከ4,300 ሜትር በላይ ከሚደርሰው የባሌ ተራራ በእጅጉ ያንሳል። በእንዲህ ያለ ስፍራ በስንጥቅ ውስጥ የገባ ውሃ በውርጭ ሲረጋ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር አለቱን ይፈነቅላል፤ ናዳም የተፈነቀለውን ያንከባልላል። ስለዚህ ተማሪው «ይህን ያመጣው ማን ነው? ውሃ፣ ውርጭ፣ ናዳ ወይስ በረዶ?» ብሎ መጠየቅን መልመድ ይኖርበታል።

ድንጋይ ለቤትም ለመንገድም ያስፈልጋል፤ አይነካ አንልም። ነገር ግን ከከፍተኛ ተራሮቻችን ቋጥኝ ከመነሣቱ አስቀድሞ መምህራንና ተማሪዎች አቀማመጡን ሊለኩ፣ ፎቶግራፍ ሊያነሡና ሊመዘግቡ ይገባል። የፈረሰ አጥር ተመልሶ ይካባል፤ በረዶ ያስቀመጠውን ድንጋይ ግን እንደነበረ መልሶ የሚያኖር ማንም የለም።