ለኅዳር መንገደኛ የትኛው ገደል ይመከራል?

የክረምቱ ዝናም ቆሞ ጭቃው ሲደርቅና ወንዙ ሲጎድል የንግድ ሥራ እንደገና እንደሚነቃ ማንኛውም ነጋዴ የሚያውቀው ነው። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ያለው ጊዜ፥ በይፋት ቆላ የማሾውና የማሽላው፥ በመንዝ ደጋ ደግሞ የገብሱ ምርት ለገበያ የሚሰናዳበት ወራት ነው። በዚሁ ወራት ሰማዩ ጠርቶ ተራራው ከሩቅ ስለሚታይ ለተራራ ጉዞ የሚነሣው ሰው ይበዛል። ከነዚህም መንገደኞች መካከል ገመድና የብረት መንጠቆ ይዞ በቋጥኝ ላይ እየተንጠላጠለ ገደል መውጣትን እንደ ስፖርት የያዘ አለ። ይህ ዓይነቱ እንግዳ ቁጥሩ ጥቂት ቢሆንም ማደሪያ ይከራያል፥ ስንቅ ይገዛል፥ መሪ ይቀጥራል፥ ለጓዙም አጋሰስ ይፈልጋል። ስለዚህ ለባለሱቁና ለባለሆቴሉ የሚናቅ ደንበኛ አይደለም።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል የጣርማበርን የመኪና ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና የወረደ መንገደኛ፥ ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን ተሻግሮ ካራቆሬ ሲደርስ፥ ቆላውን ከደጋው የሚለየው ታላቅ ገደል በስተምዕራብ እንደ ግንብ ቆሞ ያየዋል። ወዲያውም ሻይ ያቀረበለትን ሰው፥ «ይህ ገደል በገመድ ይወጣልን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ለዚህች አጭር ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የአንድ ቀን ገቢ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የከተማው ስም ጉዳይ ነው።

አንዳንድ ሰዎች፥ «እንግዳው ይምጣ እንጂ የገደሉን ነገር ራሱ አይቶ ይወስናል፤ የኛ ፈንታ ማስተናገድ ነው» ይላሉ። ይህ አሳብ ላይ ላዩን ሲያዩት ለከተማው ጥቅም የታሰበ ይመስላል፤ ነገር ግን ለንግድ የሚበጅ አይደለም። ነቀዝ የበላውን እህል ደኅና ነው ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ገዢውን የሚያከስረው ገንዘቡን ነው። ያልተመረመረውን ገደል ደኅና ነው ብሎ የሚያመለክት ግን የሚያጠፋው የሰው ሕይወት ነው። ስለዚህ ቦታ ከመምከር በፊት አራት ነገሮች ሊታዩ ይገባል፤ እነርሱም ድንጋዩ፥ ወራቱ፥ መንገዱና ባለአገሩ ናቸው።

ስለ ድንጋዩ የሆነ እንደሆነ፥ የይፋት ገደል በጥንት ዘመን ከምድር ውስጥ ፈልቶ በወጣ እሳተ ገሞራ የተነባበረ ጥቁር ድንጋይ ነው። ስፍራው የታላቁ ስምጥ ሸለቆ ዳርቻ በመሆኑ ምድሩ የተሰነጣጠቀ ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ማለቂያ የደረሰው የካራቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ እንዳፈረሰ፥ በካራቆሬም ብዙ ቤቶችን እንደጣለ፥ ከተራራው ቋጥኝ እንዳንከባለለና የደሴን መንገድ እንደሰነጠቀ የሚታወስ ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ አካባቢ ተደጋግሞ የደረሰው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። እንዲህ ባለ አገር የቆመ ቋጥኝ ከሩቅ ጽኑ መስሎ ይታያል እንጂ፥ በእጅ ሲይዙት የሚነቀል ሊሆን ይችላል። ክረምቱ ያራሰው ስንጥቅም ዝናሙ ካቆመ በኋላ ወዲያው አይጸናም። ከመስከረም ይልቅ ኅዳር የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ ሆኖም ወራቱ ደረቅ መሆኑ ብቻ ድንጋዩን አስተማማኝ አያደርገውም።

በአገራችን በገመድ ለመውጣት ከሁሉ ይልቅ ስሙ የታወቀው በትግራይ በሐውዜን አጠገብ ያለው የገርዓልታ ተራራ ነው። የዚያ ድንጋይ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ነው። አሜሪካዊቷ ተራራ ወጪ ማይካ በርሃርት እ.ኤ.አ. በ2007 ከጓደኞችዋ ጋር በትግራይ ገደሎች ላይ ወጥታ፥ በሚከተለው ዓመት ስለ ጉዞው መጽሐፍ አሳትማለች። ይሁን እንጂ የአሸዋ ድንጋይ ራሱ በአንዱ ስፍራ ጽኑ፥ በሌላው የሚፈረፈር ስለሆነ፥ የገርዓልታም ስም ቢሆን ጥንቃቄን አያስቀርም።

ስለ ወራቱ ሲታሰብ ቆላውና ደጋው ተለይተው መታየት አለባቸው። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖረው፥ በመንዝ ያለው የጓሳ ምድር ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፥ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 ዲግሪ ያልፋል። በኅዳር ጓሳ ላይ የሚያድር ሰው ውርጭ ያገኘዋል፤ አባቶቻችን «ለጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። በቆላው የሚያድር ደግሞ፥ ከክረምት በኋላ ያሉት ወራት ወባ የሚበረታባቸው በመሆናቸው፥ ያለ አጎበር መተኛት የለበትም። ገደሉ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረ ስለሆነ ጧት ፀሐይ ይመታዋል፥ ከሰዓት በኋላም ጥላ ይሆናል። ጥላውን ጠብቆ የሚወጣ ሰው ግን 12 ሰዓት ካለፈ ወዲያው እንደሚመሽበት ማወቅ ይገባዋል። ብርድ ልብስና አጎበር በአንድ ሱቅ፥ በአንድ ወራት፥ ለአንድ ገዢ የሚሸጡበት አገር ቢኖር ይፋት ነው።

ሦስተኛው ነገር መንገዱና የአገሩ ሰላም ነው። በትግራይ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የነበረው ጦርነት፥ አጣዬም በ2013 ዓ.ም. በግጭት መቃጠሏ፥ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የተነሣውም ግጭት፥ የመንገደኛን ጉዞ ምን ያህል እንደጎዳ ነጋዴው በመጋዘኑ ውስጥ በቀረው ዕቃ ያውቀዋል። ስለዚህ መንገዱ ክፍት መሆኑን ሳያረጋግጥ እንግዳን «ና» ብሎ መጥራት አይገባም። በዚህ ረገድ «በዚህ ሳምንት አይምጡ» ብሎ አስቀድሞ መልእክት የሚሰድ ባለሆቴል የአንድ ሳምንት ኪራይ ያጣል እንጂ ደንበኛውን አያጣም።

አራተኛው ባለአገሩ ነው። በአገራችን ከፍ ያለ ስፍራ ባለቤት የሌለው መሬት አይደለም። ከአቡነ አረጋዊ ዘመን ጀምሮ በገመድ የሚወጣበት ደብረ ዳሞ ገዳም እንጂ የስፖርት ሜዳ አይደለም፤ ሴቶችም አይገቡበትም። የገርዓልታው አቡነ የማታ ጎህ ቤተ ክርስቲያንም በባዶ እግር የሚወጣ የጸሎት ቤት ነው። የጓሳንም ሣር የመንዝ ሕዝብ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል፤ ዛሬ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ የሚታዩበት በዚህ ጥበቃ ነው። ስለዚህ እንግዳው ካስማውን በቋጥኝ ላይ ከመምታቱ በፊት ባለአገሩን ማስፈቀድ አለበት፤ ይህንንም የሚነግረው አስቀድሞ ያስተናገደው ነጋዴ መሆን ይገባዋል።

እንግዲህ እነዚህን አራት ነገሮች መዝኖ ለሚፈርድ ሰው ምርጫው እንደሚከተለው ይሆናል። በገመድ መንጠልጠልን የሚሻ ልምድ ያለው መንገደኛ፥ መንገዱ ሰላም ሲሆን ወደ ገርዓልታ ይመራ። ከፍታን የሚወድ፥ ነገር ግን በእግሩ መሄድ የሚበቃው፥ በደባርቅ በኩል ወደ ስሜን ተራራ ይሂድ። ለጉዞው ሦስት ወይም አራት ቀን ብቻ ያለው ደግሞ ወደ ይፋት ይምጣ፤ ከቆላው ወደ ደጋው በቀድሞው የእግር መንገድ ይውጣ፤ የወፍ ዋሻን ጽድና ዝግባ፥ የአንኮበርን አምባ፥ የጓሳን ሜዳ ይመልከት። የካራቆሬው ገደል ግን የድንጋይን ጠባይ የሚያውቁ ሰዎች መርምረው ይህ ይወጣል፥ ያ አይወጣም ብለው እስኪለዩት ድረስ፥ ለገመድ ወጪ አይመከር።

ይህ ፍርድ የካራቆሬን ጥቅም የሚቀንስ የሚመስለው ሰው ካለ የአልዩ አምባን ገበያ ያስታውስ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ግመሎቹን ከገደሉ ግርጌ ያራግፍ ነበር፤ ዕቃው ወደ ደጋው የሚወጣው በአህያና በበቅሎ ነበር። ግመል ገደል እንዲወጣ ያስገደደው አልነበረም። እያንዳንዱ እንስሳ የሚችለውን ስለተሸከመ፥ ቆላውም ደጋውም ከንግዱ ተጠቅሟል። ዛሬም እያንዳንዱ ስፍራ የሚችለውን ቢሸከም ጉዳቱ ለማን ነው?

ለአስመጪዎችና ለባለሱቆች ደግሞ አንድ ቃል መጨመር ያስፈልጋል። ለመኪና ጭነት ማሠሪያ የሚሸጠው ገመድ ለገደል አይሆንም። የገደል ገመድ ሰው ሲወድቅ እየተለጠጠ ኃይሉን የሚያበርድ ሆኖ የተሠራ ነው፤ የጭነቱ ገመድ ግን ስለማይለጠጥ፥ ባይበጠስ እንኳ የወደቀውን ሰው ወገብ ይሰብራል። ለመውጫ የተሠራው ገመድ የአውሮፓ መለኪያ ኢ.ኤን. 892 ምልክት ወይም እ.ኤ.አ. በ1932 የተቋቋመው የዓለም ተራራ ወጪዎች ማኅበራት ኅብረት የዩ.አይ.ኤ.ኤ. ምልክት አለበት። አስመጪው ይህን ምልክት አይቶ ያስመጣ፤ ባለሱቁም ምልክቱ የሌለበትን ገመድ ለዚህ ሥራ የሚጠይቅ ደንበኛ ሲመጣ፥ ዋጋውን እጥፍ ቢከፍለው እንኳ «ለዚህ አይሆንም» ብሎ ይመልሰው።

ከካራቆሬ በሰላም የተመለሰ እንግዳ ለሚቀጥለው ኅዳር ወዳጆቹን ይዞ ይመጣል። ገደሉም በቦታው ይቆየዋል።