ሳይታመሙ መድኃኒት ስለ መዋጥ

«ሳይቃጠል በቅጠል» ብለው አባቶቻችን የተናገሩት እውነት ነው፤ ነገር ግን ቅጠሉ በየቀኑ በከንቱ ከተበጠሰ፥ እሳቱ በተነሣ ጊዜ ዛፉ ባዶውን ይገኛል። ስለዚህ ዛሬ፥ የአባለ ዘር በሽታ እንዳይዝ ተብሎ ሳይታመሙ ስለሚዋጠው መድኃኒት ጥቂት ልናሳስብ ወደድን።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ2024 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የበሽታ መከላከያ ማዕከል፥ ባለፈው ዓመት በሽታው የያዛቸውና አደጋው የሚበዛባቸው አንዳንድ ሰዎች፥ ከሐኪም ጋራ ተማክረው፥ ከግብረ ሥጋ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ 200 ሚሊግራም ዶክሲሳይክሊን እንዲወስዱ የሚፈቅድ መመሪያ አወጣ። ቂጥኝንና ክላሚዲያን እጅግ ቀንሶ ተገኝቷል፤ ጨብጥ ግን በብዙ አገር ይህን መድኃኒት መቋቋም ስለ ለመደ ያን ያህል አልተበገረም። በጎረቤታችን በኬንያ፥ በኪሱሙ ከተማ፥ በ449 ሴቶች ላይ ተደርጎ በ2023 ዓ.ም. የታተመው ጥናት ግን ጥቅም አላሳየም፤ ብዙዎቹ መድኃኒቱን አለመውሰዳቸውም ጠጉራቸው ተመርምሮ ታውቋል።

መድኃኒቱ የሚፈለገውን በሽታ ብቻ መርጦ አይመታም፤ በአንጀት፥ በጉሮሮና በቆዳ ያሉትን ረቂቃን ተሐዋስያን ሁሉ ይነካል። ደካሞቹ ሲሞቱ የበረቱት ይተርፋሉ፤ ተርፈውም ይራባሉ፥ ወደ ሌላም ሰው ይተላለፋሉ።

ለዚህም ምስክር ከሩቅ አንፈልግም። በምሥራቅ ጎጃም፥ በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ፥ ከ2006 ዓ.ም. (በፈረንጆች) ጀምሮ በተደረገ ጥናት፥ ትራኮማን ለማጥፋት አዚትሮማይሲን በየሦስት ወሩ ለሕፃናት ታድሎ ነበር። በአፍንጫቸው መድኃኒቱን የሚቋቋም የሳንባ ምች ተሐዋስ የተገኘባቸው ሕፃናት አስቀድሞ ከመቶ 4 ያህል ነበሩ፤ በዓመቱ ከመቶ 47 ያህል ሆኑ። ሆኖም መድኃኒቱ በታደለበት አገር የሕፃናት ሞት በግማሽ ያህል ቀንሶ ታይቷል። እንግዲህ ጥቅሙም ዋጋውም እውነት ነው፤ ሁለቱን መዝኖ መፍረድ የሐኪም እንጂ የገበያተኛ ሥራ አይደለም።

በላስታ፥ በገነተ ማርያምና በአካባቢዋ ያሉ ወላጆች ልጆቻቸውን ለሥራና ለትምህርት ወደ ላሊበላና ወደ ወልዲያ ይልካሉ። ወጣቱ ያለ ማዘዣ ጥቂት ፍሬ ገዝቶ «ይጠብቀኛል» ብሎ በኪሱ ቢይዝ፥ ራሱን ሳያድን ለቤተ ሰቡ የሚሆነውን መድኃኒት ያደክማል። ስለዚህ እናቶችና አባቶች ሆይ፥ ነውር ነው ብላችሁ ነገሩን አትሸፍኑ። ልጆቻችሁ በአንድ ጸንተው እንዲኖሩ፥ ይህ ባይሆን በኮንዶም እንዲጠበቁ፥ የተጠራጠረም ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ እንዲመረመር ምከሩ። ሹማምንትም መድኃኒት ያለ ማዘዣ እንዳይሸጥ ይጠብቁ። መድኃኒት የጋራ ጎተራ ነው፤ አንዱ በከንቱ ቢያባክነው በክፉ ቀን የሚራበው ሁሉ ነው።