ማሳን አስይዞ ቤት መሥራት፦ «ዕዳ ከሜዳ» እንዳይሆንብን

ባለፈው ጥር በአንድ የገበያ ቀን የጎዛምን ወረዳ አርሶ አደር የሆኑ አንድ አባት ደብረ ማርቆስ ወደሚገኘው ቤቴ መጡ። የእናቴ የቆዩ ጎረቤት ናቸው። ከጋቢያቸው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥተው «ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህና ይቺ ወረቀት የምትለውን ንገረኝ» አሉኝ። ወረቀቷ የብድር ውል ናት። ለልጃቸው ጎጆ መውጫ የሃምሳ ቆርቆሮ ቤት ሊያቆሙ አስበዋል፤ ለዚህም የመሬት ይዞታ ደብተራቸውን ሊያስይዙ ነው። ወለዱ ስንት እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ በትክክል አያውቁትም። ባይከፍሉ ምን እንደሚከተል ጠየቅኋቸው፤ «እግዜር ያውቃል» አሉኝ። ውሉን ካነበብኩ በኋላ ግን እግዜር ብቻ ሳይሆን አበዳሪውም አሳምሮ እንደሚያውቀው ተረዳሁ።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ብድርን ለማውገዝ አይደለም። ብድር ያጣ ገበሬ መጨረሻው የአራጣ አበዳሪ ደጃፍ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ የሚያበላንን ማሳ አስይዘን የሚያስጠልለንን ቤት መሥራት ይገባናልን?

አስቀድሞ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። አባቶቻችን ቤት ያቆሙ የነበረው ከገንዘብ ይልቅ በጉልበትና በዝምድና ነበር። እንጨቱ ከጓሮ ባሕር ዛፍ፣ ጭቃው ከደጅ፣ ጭዱ ከአውድማ፣ ክዳኑ ከሜዳ ሣር፣ ጉልበቱ ከደቦ ይገኛል። ዛሬ የግጦሽ ሜዳው ታርሶ የክዳን ሣር ብርቅ ሆኗል፤ ቆርቆሮም የኑሮ መሻሻልና የክብር ምልክት ሆኗል። በዚህ ማንንም አልወቅስም፤ ቤት ገመና ከታች ነውና ሰው የሚያፈስ ጣሪያ ይዞ ይኑር የሚል ጤነኛ ሰው የለም። ነገር ግን ቆርቆሮና ሚስማር ከጓሮ አይበቅሉም። ጥሬ ዕቃቸው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ በመሆኑ፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዳፋው እስከ ገጠር ጎጆ ድረስ መዝለቁ አይቀርም። ዕዳ ወደ ገበሬው ቤት የሚገባውም በዚሁ በጣሪያው በኩል ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ከሆነ ወዲህ ገበሬው የመጠቀም እንጂ የመሸጥ መብት የለውም፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም ይህንኑ አጽንቷል። ስለዚህ ለረዥም ጊዜ ማሳ የባንክ መያዣ ሊሆን አልቻለም። ይህ በር በክልላችን በአዋጅ ቁጥር 252/2009፣ በአገር አቀፍ ደረጃም በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ተከፈተ። የይዞታ ማረጋገጫ ያለው ገበሬ የመጠቀም መብቱን አስይዞ ከገንዘብ ተቋም መበደር ይችላል። በከተማ ቤቱን ያስያዘ ሰው ዕዳውን ካልከፈለ፣ በአዋጅ ቁጥር 90/1997 ሳይሆን በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንኩ የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ቤቱን በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። በገጠር ግን መሬቱ አይሸጥም፤ አበዳሪው የሚወስደው የመጠቀም መብቱን፣ እርሱንም ለተወሰነ ጊዜ ነው። የሕጉ ደጋፊዎች «እንግዲህ ገበሬው ምን ያጣል?» የሚሉት ይህን ይዘው ነው።

መልሱን ከአያቶቻችን እናገኘዋለን። «ወለድ አግድ» የሚባለውን ውል የማያውቅ የጎጃም ሽማግሌ ያለ አይመስለኝም። የቸገረው ሰው ገንዘብ ይበደርና መሬቱን ለአበዳሪው ይለቃል፤ አበዳሪው ዋናው ገንዘብ እስኪመለስለት ድረስ በወለዱ ፈንታ እያረሰ ይበላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ለዚህ ውል ቦታ ሰጥቶታል። በወለድ አግድ ማንም ርስቱን አልሸጠም። ሆኖም ማሳው በሌላ እጅ ያለ ገበሬ ዋናውን ገንዘብ ከየት ያመጣል? መክፈያው ራሱ ተይዟልና! ለአምስት ዓመት የተለቀቀ መሬት ለገበሬው ቤተሰብ አምስት ክረምት ያለ እህል ማለት ነው። ስሙ «የመጠቀም መብት ማስያዝ» ተባለም «ወለድ አግድ»፣ ለተራበ ልጅ ልዩነቱ አይታየውም።

ስሌቱን በምሳሌ እናስላው። አንድ ገበሬ 200,000 ብር በ18 በመቶ ወለድ ለአምስት ዓመት ተበደረ እንበል። በየዓመቱ እኩል ቢከፍል 64,000 ብር ገደማ ይደርስበታል፤ በጠቅላላው 320,000 ብር ያህል ይመልሳል። ይህ ገበሬ በደህና ዓመት 20 ኩንታል ያገባል፤ 12ቱ ለምግብ፣ ለዘርና ለማዳበሪያ ዕዳ ይውላል፤ የሚሸጠው 8 ኩንታል ነው። ኩንታሉ 10,000 ብር ቢያወጣ 80,000 ብር ያገኛል፤ ዕዳውንም ይከፍላል። በረዶ መታውና አዝመራው በሩብ ቀነሰ እንበል። 15 ኩንታል ገባ። ሆድና ዘር ግን አይቀንሱም፤ ለገበያ የሚተርፈው 3 ኩንታል ብቻ ነው። አዝመራው በሩብ ሲቀንስ መክፈያው ከግማሽ በላይ ቀነሰ ማለት ነው። በከተማ ደመወዝ ለሚተዳደር ሰው የተሰፋ የብድር ውል ለገበሬ የማይሆነው ስለዚህ ነው። በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የተቀሰቀሰውን ጦርነት ጨምሩበት። መንገድ ሲዘጋ እህል ገበያ አይደርስም፤ ማዳበሪያም ማሳ አይደርስም፤ የወለድ ቀን ግን ይደርሳል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ለእርሻ የተወሰደ ብድርና ለቤት የተወሰደ ብድር አንድ አይደሉም። የተገዛው በሬ ያርሳል፤ የተገዛው ፓምፕ ያጠጣል፤ ሁለቱም የራሳቸውን ዕዳ ለመክፈል ያግዛሉ። ቤት ግን ቢያምርም እህል አያበቅልም። የቤቱን ዕዳ የሚከፍለው ማሳው ነው፤ ማሳው ከተያዘ ቤቱም ማሳውም በአንድ ገመድ ታስረዋል።

ይህ የድሃ አገር ሥጋት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ «ሰብፕራይም» በሚባለው የቤት ብድር የመክፈል አቅማቸው በቅጡ ላልተመረመረ ሰዎች ሳይቀር ገንዘብ ተሰጠ። ብዙዎቹ ውሎች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አነስተኛ ወለድ አሳይተው በኋላ የሚያሻቅቡ ነበሩ። የቤት ዋጋ ሲወርድ ሚሊዮኖች ቤታቸውን አጡ፤ በመስከረም 2008 እ.ኤ.አ. ሌህማን ብራዘርስ የተባለው ታላቅ ባንክ ወደቀ፤ ዳፋው ለዓለም ተረፈ። መያዣ መኖሩ አበዳሪውን ስለ ተበዳሪው አቅም እንዳይጠይቅ ካደረገው፣ መያዣው ራሱ የአደጋው ምንጭ ይሆናል። ፔሩያዊው ምሁር ኤርናንዶ ደ ሶቶ የድሆች ንብረት ሰነድ ስለሌለው «ሙት ካፒታል» ሆኗል ብለው ያስተማሩት ትምህርት ማራኪ ነው። ነገር ግን ሕያው የሆነ ካፒታል ከእጅ ሊወጣም እንደሚችል መዘንጋት የለበትም።

ሌላ መንገድ የለምን? አለ። የባንግላዴሹ ግራሚን ባንክ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለገጠር ድሆች አነስተኛ የቤት ብድር ሰጥቷል። ብድሩ የሚሰጠው ቀደም ሲል የወሰዱትን በአግባቡ ለመለሱ አባላት ነበር፤ ቤቱ የሚቆምበት ቦታም በሴቲቱ ስም እንዲሆን ይፈለግ ነበር። ገንዘቡ ለአራት የኮንክሪት ምሰሶ፣ ለጣሪያ ቆርቆሮና ለመጸዳጃ የሚሆን ነው፤ የቀረውን ቤተሰቡ በአካባቢው ቁሳቁስና በገዛ ጉልበቱ ይሞላዋል። ሥራው በ1989 እ.ኤ.አ. የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማትን አግኝቷል። ለእኛስ ይህ እንግዳ ነውን? ደቦውም፣ ወንፈሉም፣ ዕቁቡም የእኛው ነው።

ስለዚህ አራት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የቤት ብድር ከእርሻ መሬት መያዣነት ይለይ፤ በቁጠባና በቡድን ዋስትና፣ ለጣሪያው ብቻ በሚበቃ መጠን ይሰጥ። ሁለተኛ፣ የመክፈያው ጊዜ አዝመራን ይከተል፤ ገበሬው ሁሉ በአንድ ወር እህሉን አውጥቶ ዋጋ የሚጥልበት ጊዜም አይሁን፤ በክፉ ዓመት ይራዘም። ሦስተኛ፣ መሬት መያዙ ግድ ቢሆን እንኳ ለቤተሰቡ ቀለብ የሚበቃው ማሳ ከመያዣ ውጭ ይሁን። አራተኛ፣ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ባልና ሚስት ባሉበት ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ወለዱም በመቶኛ ብቻ ሳይሆን በብርና በኩንታል ይነገር።

የጎጃም ገበሬ ስለ መሬቱ ሲጠራጠር በከንቱ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ያመፀው ርስቴ ተለክቶ ይወሰዳል ብሎ በመስጋቱ ጭምር ነበር። በ1989 ዓ.ም. የመሬት ድልድልም «ቢሮክራት» ተብለው ማሳቸው የተቀነሰባቸው ዛሬም በሕይወት አሉ። ያ አረንጓዴ ደብተር የመጣው ይህን ሥጋት ለማስታገስ ነበር። ለአንድ ጣሪያ ሲባል ሥጋቱን መልሰን ብንዘራው ታሪክ ይታዘበናል።

ለእኚያ አባት የነገርኳቸውም ይህንኑ ነው። ረዥም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «ልጁ ግን ቤት ይፈልጋል» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሙግቴ ይህን አያስቀርም። ወረቀቷን መልሰው እየጠቀለሉ ሳለ ደብተሩን አሳዩኝ፤ ከእርሳቸው ፎቶግራፍ ጎን የባለቤታቸው ፎቶግራፍ አለ። «እርሳቸው ስለ ውሉ ሰምተዋል?» አልኳቸው። አልሰሙም። «እንግዲያውስ ሳልነግራት አልፈርምም» ብለው ተነሡ። እስካሁን አልፈረሙም። ባሕር ዛፉን ቆርጠው እንዳጋደሙትና በዘንድሮው አዝመራ የሃያ ቆርቆሮ ቤት ሊጀምሩ እንዳሰቡ ሰምቻለሁ።

ቸር ይግጠመን።