በርታን ያቆመው ቧንቧ

በአሜሪካዋ ሲያትል ከመሬት በታች አውራ ጎዳና ለመዘርጋት እ.ኤ.አ. በ2013 ከጃፓን በመርከብ የመጣው የዋሻ መቆፈሪያ ማሽን ስፋቱ 17.5 ሜትር፣ ዋጋው 80 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በጊዜው በዓለም ትልቁ። በ1920ዎቹ ከተማዋን ባስተዳደሩት ሴት ከንቲባ ስም በርታ ተባለ። ለአማርኛ ጆሮ ከስምነቱ ይልቅ ማበረታቻነቱ ይቀድማል። ማሽኑ ጉድጓድ ውስጥ ተገጣጥሞ፣ ተፈትሾ ቁፋሮውን በጁላይ ጀመረ፤ ከአራት ወር በኋላ 300 ሜትር ገደማ እንደሄደ ቆመ። ከፊቱ 8 ኢንች ስፋት ያለው የብረት ቧንቧ ተገኘ፣ የዋናው ኩሽኔታ ማሸጊያዎችም ተበላሽተው ታዩ። ለጥገናው ሲባል ሌላ 36 ሜትር ያህል የጠለቀ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ወደ 2,000 ቶን የሚመዝነው የማሽኑ ራስ በክሬን ወጣ። በርታ ዳግም የተንቀሳቀሰው በ2015 መጨረሻ ሲሆን፣ በመጀመሪያው ዕቅድ ዋሻው በዚያን ጊዜ ለመኪና ክፍት መሆን ነበረበት።

የቧንቧው አመጣጥ ከብልሽቱ ይበልጥ ያስተምራል። በ2001 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የባሕር ዳርቻውን ተሻጋሪ መንገድ ስለጎዳው፣ ምትክ ለመሥራት የመሬት ጥናት ተጀመረ፤ ቧንቧውም በ2002 የከርሰ ምድር ውሃን ለመለካት ተተከለ። ለጥናት የገባው ብረት ሳይነቀል ቀርቶ ቆፋሪውን ጠበቀው ማለት ነው። ለጉዳቱ ያለው ድርሻ ፍርድ ቤት ድረስ አከራክሮ፣ በ2019 ጁሪው ዋሻውን የቆፈረው ተቋራጭ ሲያትል ላለችበት ግዛት 57.2 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰነ። ዝግጅት ሲባል ማሽን ማስመጣትና መግጠም ብቻ የሚመስለን ካለን፣ ተሳስተናል። ከመሬት በታች ያለውን መመዝገብ፣ መዝገቡን ማሽኑን ለሚያንቀሳቅሰው ሰው ማድረስ፣ ያልታሰበ ነገር ሲገጥም ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ መዋዋል፦ ከባዱ ዝግጅት ይህ ነው።

«የመሬትን ሆድ ማን አይቶ ይጨርሳል?» የሚል ሊኖር ይችላል። እውነት ነው፤ የናሙና ጉድጓድ የሚያሳየው የመዳፍ ያህል ቦታ ነው። ነገር ግን ያ ቧንቧ የተፈጥሮ ምስጢር አልነበረም፤ ሰው ራሱ የተከለው ነው። ዝግጅት ሲኖርማ ልዩነቱ ይታያል፦ በ2016 በርታ በዚያው ባረጀ ተሻጋሪ መንገድ ሥር ሲያልፍ፣ መንገዱ አስቀድሞ ተዘግቶ፣ እንቅስቃሴው እየተለካ ከሁለት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ተሻገረ። «በስተመጨረሻ ዋሻው በ2019 ተከፍቷል፤ ምን ያጨቃጭቃል?» ለሚሉም፣ የቆመ ማሽን ወጪው እንደማይቆም ማስታወስ ይበቃል።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝመው የግልገል ጊቤ ሁለት የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ዋሻ፣ በ2006 ማሽኑ የተሰነጠቀ አለት ገጥሞት ጭቃ ወደ ኋላ ገፋው፤ ሥራውም ተጓተተ። ማመንጫው በጃንዋሪ 2010 ተመርቆ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ደግሞ የዋሻው አንድ ክፍል ተደረመሰ። ወደፊት ዋሻ የሚያስቆፍር መሥሪያ ቤት ሁሉ የማሽኑን ፎቶግራፍ ከማሳየቱ በፊት የመሬት ጥናቱን ለሕዝብ ይፋ ያድርግልን።