ስለ ተረከዝ ጅማትና ስለ ሐሰተኛ ጀግንነት

ሕመምን ችሎ መሮጥ ጀግንነት ነው የሚል ትምህርት በየሜዳው ይሰበካል። እኔ ይህን ትምህርት እቃወማለሁ። የምቃወመውም በሩቅ ሆኜ አይደለም፤ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በራሴ ተረከዝ፥ ከዚያም በፊት አስተማሪ ሳለሁ በሰው ልጅ ቅልጥም ላይ ፍሬውን አይቼዋለሁ።

በአዳማ ፀሓይ ሳይበረታ ማልደው የሚሮጡ ብዙ ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል እንደ እኔ ስድሳን የተሻገሩ አይጠፉም። እኔ የጀመርሁት በ58 ዓመቴ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሰውነቴ ቀለለ፥ እንቅልፌም አማረ፤ በዚህም ኰራሁ። በሦስተኛው ዓመት ግን ጧት ከአልጋ ስወርድ ከግራ ተረከዜ በላይ ያለው ጅማት እንደ ደረቀ ጠፍር ግትር ይልብኝ ጀመር። ጥቂት ስራመድ ስለሚለቀኝ የዳንሁ ይመስለኝ ነበር። አብረውኝ የሚሮጡት ጐልማሶችም «ጋሼ፥ ሲሞቅ ይለቅዎታል፤ አይዞዎት» አሉኝ። እኔም ማስታገሻ ክኒን እየዋጥሁ ሮጥሁ፤ ወጌሻ ዘንድ ሄጄ ታሸሁ፤ ሶደሬ ወርጄ እግሬን በፍል ውኃው ዘፈዘፍሁት። (ወጌሻን አልንቅም፤ ወለምታ ሲያቃና በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን የተጐዳ ጅማት በመታሸት ብዛት አይጠነክርም፤ ፍል ውኃም ደስ ቢያሰኝ የላላውን አያጠብቅም።) አንድ ቀን ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ስሮጥ ከኋላዬ ሰው ተረከዜን በድንጋይ የመታኝ መስሎኝ ዞር ብል ማንም የለም። ሐኪሙ ጅማቱ በከፊል መበጠሱን ነገረኝ። ዘጠኝ ወር ሙሉ እንኳንስ መሮጥ ገበያ ደርሶ መመለስ ጭንቅ ሆነብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጡንቻ ደም በብዛት ስለሚደርሰው ቶሎ ይበረታል፤ ለጅማት የሚደርሰው ደም ግን ጥቂት ስለ ሆነ ለመጠንከርም ለመዳንም ወራት ይፈልጋል። ስለዚህ ሽማግሌ ሯጭን ሳንባውና ጡንቻው «እንሂድ» ሲሉት ጅማቱ «ቆይ» ይለዋል። ክኒኑም ይህን ድምፅ ያፍነዋል እንጂ ጅማቱን አይጠግነውም። ሌላም ልጨምር፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለው የበሽታ ተሕዋስያን ማጥፊያ መድኃኒትና ወገኖቹ፥ በተለይ ዕድሜው ከ60 ዓመት በላይ በሆነ ሰው ላይ፥ ጅማትን እስከ መበጠስ ሊያደርሱ እንደሚችሉ የታወቀ ነው። ይህን ለሐኪሙ ሳይናገር የሚውጥ ሯጭ ይጠንቀቅ።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው ብትሉኝ፥ ሆካን አልፍሬድሰን የሚባለውን ስዊድናዊ የአጥንት ሐኪም ታሪክ እነግራችኋለሁ። ይህ ሰው ራሱ ሯጭ ነበረና በዚሁ ጅማት ታመመ። አለቃው ግን ቀዶ ጥገና እንዳይደረግለት ከለከለው። እርሱም እንግዲያውስ ላባብሰው ብሎ ጅማቱን ሆን ብሎ በክብደት ያስጨንቀው ጀመር፤ ይበጠሳል ሲል ዳነ። ከዚያ በኋላ ለደስታቸው የሚሮጡ 15 ሕመምተኞችን ሰብስቦ በጣታቸው ቆመው ተረከዛቸውን ቀስ ብለው ወደ ታች እንዲያወርዱ፥ ይህንም በየቀኑ ጧትና ማታ ለ12 ሳምንት እንዲያደርጉ አዘዘ። ሁሉም ወደ ሩጫቸው ተመለሱ፤ ጽሑፉም በ1998 እ.ኤ.አ. ታተመ። ይህስ ሕመምን መቻል አይደለምን የሚል ተቃዋሚ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ነው፤ ነገር ግን በልክ የተቈጠረ፥ በዝግታ የሚጨመር ሕመም ነው። እኔ በወንጂ መንገድ የቻልሁት ሕመም ልክ አልነበረውም።

ጐረቤቶቼ ደግሞ «እርስዎ በዚህ ዕድሜ ምን ያሯሩጥዎታል? ቁጭ ብለው ቡናዎን አይጠጡም?» ይሉኛል። ለእነርሱ የምመልሰው አጭር ነው፤ የተቀመጠ ጅማትም ይደክማል።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ። ዛሬ ባቱ በምትባለው በዝዋይ ሳስተምር የስፖርቱንም ሥራ የያዝሁት እኔ ነበርሁ። ለትምህርት ቤቶች ውድድር ያዘጋጀሁት የ15 ዓመት ልጅ «ቲቸር፥ ቅልጥሜን ያመኛል» ብሎ ጣቱን በአንድ ሥፍራ ላይ አሳርፎ አሳየኝ። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሥጋህን አስገዛ እየተባልሁ ያደግሁ ነኝና፥ አበበ ቢቂላ በጳጉሜን 1952 ዓ.ም. በሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን ነግሬ አሳፈርሁት። ልጁም ሮጠ፤ በዚያው ሜዳም ቅልጥሙ ተሰበረ። አጥንቱ አስቀድሞ በድካም ብዛት ተሰንጥቆ እንደ ነበር፥ በአንድ ነጥብ ላይ የሚጠና ሕመምም የዚሁ ምልክት እንደ ሆነ የተረዳሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ስብራቱ ገጠመ፤ ልጁ ግን ወደ ሩጫ አልተመለሰም።

ያን ጊዜ የአበበን ታሪክ እኩሌታውን ብቻ ነበር የነገርሁት። አበበ በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ እግሩን ታሞ ሳለ ጀመረ፤ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላም አቋረጠ። ድሉን ያገኘው የ36 ዓመቱ ማሞ ወልዴ ነው። ስለ አቋረጠ አበበን ፈሪ ያለው ማን ነው? በቅርቡም ለፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን የተመረጠው ሲሳይ ለማ ጉዳት ስለ ደረሰበት ቦታውን ለተጠባባቂው ለታምራት ቶላ ለቀቀ፤ ታምራትም ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቁን ወሰደ። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ በየሜዳው ልጆች የምታሠለጥኑ ሆይ፥ የአበበን ስም ስትጠሩ ሜክሲኮንም ጨምራችሁ ንገሩ። ልጅ ጣቱን በቅልጥሙ ላይ ሲያሳርፍ ሩጫውን አስቁማችሁ ወደ ሐኪም ስደዱት።

እኔ ዛሬ በቤቴ ደረጃ ላይ ቆሜ ጧትና ማታ ተረከዜን አወርዳለሁ። የጐረቤት ልጆች ይቈጥሩልኛል፤ አንዳንድ ጊዜም ቍጥር ይሰርቁኛል። በሳምንት ሦስት ቀን ሃያ ሃያ ደቂቃ እሮጣለሁ። ባለፈው ሳምንት በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ጅማቱ ያዝ አደረገኝና ቆምሁ። ጐልማሶቹ አልፈውኝ ሄዱ፤ እኔም ባጃጅ ጠርቼ ወደ ቤቴ ተመለስሁ።