ሐይቁ ለፎቶ፣ አዳራሹ ለዕዳ

ጥር ሲገባና ፋሲካ ሲያልፍ በአዳማ፣ በሞጆ፣ በቢሾፍቱና በባቱ የሰርግ ወረፋ ይጀምራል። አዳራሽ ከወራት በፊት ይያዛል፣ በሬ ይገዛል፣ ቬሎና መኪና ይከራያል፣ ዲኮርና ቪዲዮ ቀብድ ይከፈልበታል። በዚህ ሁሉ ጥድፊያ መሃል ሙሽሮቹ ለአንድ ለሁለት ሰዓት ውሃ ዳር ይወሰዳሉ። የቢሾፍቱዎቹ ወደ ባቦጋያ ወይም ወደ ሆራ፣ የአዳማዎቹ በአዋሽ ዳር ወዳሉት የሶደሬ ዛፎች፣ አቅሙ ያላቸው ደግሞ ወደ ላንጋኖ። እዚያ ፎቶ ይነሣሉ፤ ከዚያ ወደ አዳራሹ ይጣደፋሉ፣ እንግዳ እየጠበቀ ነውና። ደኑና ሐይቁ የፎቶ ጀርባ ሆነው ይቀራሉ፤ ሰርግ የሚባለው በመቶ የሚቆጠር ሰው የበላበት ነው። ይህ አደራደር የተገለበጠ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ጋብቻ በእርግጥ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ከሃያ በማይበልጡ ሰዎች መካከል ሊፈጸም፣ ምሳውና ምርቃቱም በአንድ የግራር ጥላ ሥር ሊሆን ይችላል። የቀረው የቤተሰብ ፉክክር ነው፤ የሚከፍሉትም ገና ጎጆ ያልወጡት ሁለቱ ናቸው።

ጋብቻ ምን ያስፈልገዋል? የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ለሚፈጸም ጋብቻ በዋናነት የሚጠይቀው የሁለቱን ነፃ ፈቃድ፣ 18 ዓመት መሙላታቸውንና ለእያንዳንዳቸው ሁለት ምስክር ነው። አዳማ የምትገዛበት የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግም በሹም ፊት፣ በሃይማኖት ወይም በባህል የተፈጸመውን ጋብቻ ይቀበላል። ሃይማኖቱስ ቢሆን መቼ ሕዝብ ቆጠረ? ተክሊል ካህናቱ፣ ሙሽሮቹና ሚዜዎቻቸው ባሉበት በቤተ ክርስቲያን ይደርሳል፤ ውጭ የቆመው ሰው መቶም ይሁን አምስት ለጸሎቱ የሚጨምርለት የለም። ኒካህ ወሊይ፣ ሁለት ምስክርና መህር ይፈልጋል፤ ወሊማው እንኳ በአንድ በግም ቢሆን እንዲደረግ ነው የታዘዘው። የኦሮሞ አባቶችም እርጥብ ሣር ይዘው ሲመርቁ ምርቃቱን የሚያጸናው የሽማግሌዎቹ አንደበትና የተመራቂዎቹ አሜን ነው። “አምስት መቶ ሰው ጋብዙ” የሚል ሕግ፣ ቀኖናም ሆነ ሸሪዓ የለም። ይህን የሚያዝ አንድ ነገር ቢኖር “ሰው ምን ይለናል” የሚለው ፍርሃት ነው።

ይህ የወረቀት ክርክር የሚመስለው ካለ 2012 ዓ.ም.ን ያስታውስ። በኮቪድ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀው መጋቢት 30 ቀን ነበር፣ ፋሲካ ሊውል አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው፤ የሰርጉ ወቅት ደጃፍ ላይ ማለት ነው። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ብዙዎች ቀናቸውን አራዘሙ፤ ሌሎች ግን ወላጅ፣ ሚዜና የሃይማኖት አባት ብቻ ባሉበት ተጋቡ። የእነዚያን ጥንዶች ጋብቻ ጎደሎ ነው ያለ ፍርድ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የለም። ያን ዓመት የተማርነው ሊረሳ አይገባውም ነበር፤ ክልከላው በተነሣ ማግስት ግን አዳራሾቹ እንደ ቀድሞው ሞሉ።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ጠንካራውና በአክብሮት መልስ የሚገባው ሙሽራዋን የሚመለከተው ነው። ሰው ያልበዛበት ጋብቻ ኩብለላ ይመስላል፤ ኩብለላ ደግሞ በአርሲና በስምጥ ሸለቆው ከጠለፋ ጋር ተጎራብቶ የኖረ ነው። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባ ከቅጣት ያመልጥ ነበር። ያ በር የተዘጋው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው፤ አሁን ከጠለፋ በኋላ የሚፈጸም ጋብቻ ጠላፊውን ከተጠያቂነት አያድነውም። በአርሲ በተፈጸመ እውነተኛ ጠለፋ ላይ የተሠራው “ድፍረት” የተሰኘው ፊልም በ2006 ዓ.ም. ለዓለም ሲታይ ቁስሉ ገና ትኩስ እንደሆነ አሳይቷል። ስለዚህ አንዲት እናት “ልጄ በአደባባይ ትዳርልኝ” ስትል ከጀርባዋ የብዙ ሴቶች መከራ አለ። እኔም በምስጢር መጋባትን አልደግፍም፤ ሽማግሌ ይላክ፣ ወላጅ ይወቅ፣ ልጅቷ በገዛ አንደበቷ እሺ ትበል። ነገር ግን ድግሱ ራሱ ከለላ ነው የሚለው ስሕተት ነው። የተጠለፈችም ልጅ ኋላ ተደግሶላታል፤ ያለ ዕድሜዋ የተዳረችም በዘፈንና በእልልታ ነው የተሸኘችው። ምስክር ወረቀት የሌላት ሚስት ባሏ ሲሞት ወይም ሲክዳት በፍርድ ቤት ደጃፍ ምስክር ስትለምን የምትውለው የሰርጓ በሬ ስላነሰ አይደለም፤ ጋብቻዋ ስላልተመዘገበ ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የጋብቻ ምዝገባ ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ጀምሮ በአገሪቱ ተጀምሯል፤ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድም ሆነ በባህል የተፈጸመ ጋብቻ ይመዘገባል። ለዲኮር ወር ሙሉ እየተሯሯጡ ለዚህ አንድ ጠዋት ያጡ ቤተሰቦች ለልጃቸው ከለላ ሰጠን ሊሉ አይችሉም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የብድር ነው። “የሰው ድግስ በልተን ኖረናል፤ ተራችን ሲደርስ እንዴት በር እንዘጋለን?” ይህ ከልብ የሚነገር ነው፤ ዕድርና ዕቁብ የቆሙበትን መተሳሰብ የሚያውቅ ሰው አይስቅበትም። ግን ብድሩ እያደገ የሚሄድ መሆኑን እንመልከት። ጎረቤት አንድ በሬ ከጣለ እኛ ሁለት፣ እርሱ በድንኳን ካደረገ እኛ በሆቴል። በዚህ ዓይነት ድሃው ከመተሳሰቡ ክብ ይወጣል፤ መመለስ የማይችለውን መብላት ያሳፍረዋልና ጥሪውን መሸሽ ይጀምራል። የቀረው የሙሽሮቹ ዕዳ ነው። የዕቁብ ዕጣ፣ የወንድም ብድር፣ የውጭ አገር ዘመድ ገንዘብ ለአንድ ቀን ከሰዓት ይውላል፤ በማግስቱ የቤት ኪራይ ይጠብቃል። ክርክሩ የዛሬ ወጣቶች ቅብጠትም አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት “አዲስ ዓለም” ከውጭ ተምሮ የተመለሰ ወጣት ከዘመዶቹ ጋር በድግስ ልማድ ሲሟገት አሳይተውናል። ብድር በድግስ ብቻ አይመለስም። ከሐይቁ ሲመለሱ አዛውንቶቹን በየቤታቸው ዞሮ ምርቃት መቀበል፣ ለጎረቤት በግቢ ቡና ማፍላት፣ የታመመ ዘመድን መጠየቅ፣ ይህ ሁሉ ብድር መመለስ ነው፤ በአዳራሽ ጫጫታ ውስጥ ሙሽሮቹን በሩቅ አይቶ ከመሄድም ይበልጣል።

“ደን ውስጥና ሐይቅ ዳር መጋባት የፈረንጅ ነው” የሚሉም አሉ። ፎቶው ሐይቅ ዳር ሲሆን ፈረንጅ ያልሆነው፣ ቃል ኪዳኑ ሲሆን ለምን ፈረንጅ ይሆናል? ኦሮሞ ሸንጎውን በኦዳ ጥላ ያደረገ ሕዝብ ነው፤ በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ በሆራ አርሰዲ ዳር ሣርና አበባ ይዞ የሚያመሰግን ሕዝብ ነው። የዝቋላ አቦ ምእመናንም በደን ተከቦ ካለው የተራራ ሐይቅ ዘንድ ለመጸለይ ዳገት ይወጣሉ። ሰርጉም ቢሆን በቅጠል ዳስ ሥር ነበር የኖረው፤ መጤው የኮንክሪቱ አዳራሽ ነው።

ሌላ እውነት ግን አለ፤ ሐይቅ ዳርም ሊበላሽ ይችላል። አዳራሹን እንዳለ ወደ ላንጋኖ ማዛወር፣ ድምፅ ማጉያና ጄኔሬተር ተሸክሞ ጉሬዛ ባለበት ደን መግባት፣ የፕላስቲክ አበባ በቄጠማው ላይ መተው ያው በሽታ ነው። የአብያታ ሐይቅ ወደ እሱ የሚገባው የቡልቡላ ወንዝ ለመስኖ ሲጠለፍና ውሃው ለሶዳ አሽ ሲቀዳ ምን ያህል እንደሸሸ ያየ ሰው እነዚህ ሐይቆች ስስ መሆናቸውን ያውቃል። በቢሾፍቱም የሐይቅ ዳሩ አብዛኛው በሆቴልና በግል ግቢ ታጥሯል፤ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ዳርቻ ማስጠበቅ የከተማ አስተዳደሮች ሥራ ነው፤ ካልሆነ ትንሹ ሰርግም የባለጸጋ ብቻ ይሆናል። ጥር ደረቅ ወር ነው፣ ዝናብ አያሰጋም፤ የሚያስቸግረው ነፋሱ ነውና በማለዳ መጨረስ ይበጃል። ሃያ ሰው፣ ከቤት የተቋጠረ ምግብ፣ ምንጣፍ፣ አንድ ካሜራ፤ ሲነሡም ቆሻሻቸውን ይዘው መመለስ። ተክሊሉ ወይም ኒካሁ አስቀድሞ ሥርዓቱ በሚፈቅደው ቦታ ተፈጽሞ፣ ምሳውና ምርቃቱ በዛፉ ሥር ሊሆን ይችላል፤ ፓስተር ያላቸው ደግሞ ቃል ኪዳኑን እዚያው ማሰር ይችላሉ።

ሽማግሌ ሆናችሁ የምትላኩ አባቶች፣ በዚህ ነገር ከሁላችንም የበለጠ ሥልጣን ያላችሁ እናንተ ናችሁ። ሁለቱ ቤተሰቦች ተቀምጠው ቀን ሲቆርጡ የመጀመሪያው ጥያቄ “ስንት ሰው ትጠራላችሁ?” አይሁን። ልጅቷ ወዳ መሆኑን ከራሷ ስሙ፤ የጋብቻ ምዝገባው በየትኛው ቀበሌ፣ በየትኛው ቀን እንደሚሆን አስጽፉ፤ ልጆቹ በትንሽ ሰው ለመጋባት ከፈለጉም “ነውር የለውም” የሚለውን ቃል ከእናንተ አፍ ይስሙት።